በበርሜል ያደረ ፖርሴሊን

ፖርሴሊን ውሃ አይጠጣም። ይህን ዛሬ ጀማሪው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሴራሚክ ስለጥፍ ኖሬ አላውቅም ነበር። አለማወቅ ነውር አይደለም። ነውሩ ከዚያ ወዲያ ያደረግኩት ነው።

ነገሩ የሆነው ሐርጌሳ ነው፤ የሰሜኑ ጦርነት ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ጊዜ። ዳሚ ሰፈር ውስጥ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋም ግማሹ ቆርቆሮ የሆነች አንዲት ክፍል ተከራይተን ለሦስት እንኖር ነበር። አንደኛው እኔ ነኝ። ሁለተኛው የአገሬ ልጅ። ስሙን መጥራት አልፈልግም፤ ኮምቦልቻ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፣ ስለዚህ የአገሬ ልጅ እያልኩ እቀጥላለሁ፣ ቃሉ ራሱ አፌን ቢጎመዝዘኝም። ሦስተኛው ጋሼ ናቸው። ጋሼ የአዲግራት ሰው ናቸው። ሐርጌሳ ከገቡ አሥራ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ወለል በማንጠፍ ከእሳቸው የሚስተካከል ሐበሻ ከተማው ውስጥ አላየሁም። ዋናው ባለሙያ እሳቸው ነበሩ። ሥራ የሚይዙት እሳቸው፣ ሲባጎ የሚዘረጉት እሳቸው፣ የቤቱ ባለቤት ሲቆጣ ፊቱ የሚቆሙት እሳቸው። እኛ የታዘዝነውን የምንሠራ እጆች ነን።

የያዝነው ሥራ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ውስጥ ካለ ትልቅ ቪላ በስተኋላ ያለ ክፍት በረንዳ ነበር። ጣሪያ የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይጠብሰዋል። ባለቤቱ ሐርጌሳ በቦምብ በተደበደበችበት ጊዜ በልጅነቱ ተሰዶ ጅጅጋና ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው። አማርኛው ከእኔ ይሻላል፤ ሲናደድም የሚሳደበው በአማርኛ ነው። ፊቱ ስቆም «ሐጂ» እና «እርስዎ» ነበር የምለው። አሁን ብቻዬን ሳወራ ግን አንቱታው አይወጣኝም፣ ይቅር ይበለኝ።

ልጁን ሊድር ነበር። ዓርብ ከሰዓት የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ኒካሁ እዚያ በረንዳ ላይ ይታሰራል። ለዚህ ብሎ ስድሳ በስድሳ የሆነ ግራጫ የወለል ፖርሴሊን ከዱባይ አስመጥቷል። እያንዳንዱን ካርቶን ራሱ እየከፈተ እንደ ሕፃን ፊት ይዳብሰው ነበር።

ለጋሼ ግን ጉዳዩ በረንዳ አልነበረም። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል፤ ለማሳደስ አንድ የአገሬው ዜጋ «ስፖንሰር ነኝ» ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። የድሮው ስፖንሰራቸው ሞቷል። ይሄኛው «በረንዳዬን ይጨርሱልኝ እንጂ ወላሂ በማግስቱ እፈርምልዎታለሁ» ብሏቸዋል። ካልፈረመ ዕጣቸው በውጫሌ ድንበር ወደ ኢትዮጵያ መባረር ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ከድንበሩ ማዶ፣ መታወቂያው ላይ የትውልድ ቦታው እንደሳቸው የሆነ ሰው ከአውቶቡስ እየወረደ ይታሰር ነበር። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን። ሚስታቸውና ልጆቻቸው አዲግራት ናቸው፤ ስልክ ከተቆረጠ ዓመት አልፎታል። «መስመር የተከፈተ ቀን እዚህ ነው የምትፈልገኝ» ይሉ ነበር፤ «ሌላ ቦታ መኖሬን አታውቅም። እዚሁ ሆኜ ነው መጠበቅ ያለብኝ።» ሌላ ምኞት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ሥራው አሮጌውን ሊሾ በመፋቅ ጀመረ። ስንት ዓመት ሰው የተቀመጠበት ነው። የጫት ትፋት ደርቆበታል፣ ዘይት ጠጥቷል፣ ድመት ሸንቶበታል። በብረት ብሩሽ ስፍቀው የሚነሳው አቧራ ክርፋቱ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ቤቴ ድረስ ይከተለኝ ነበር። ከዚያ ጋሼ ውሃው ወደ ግቢው በር እንዲወርድ ወለሉን ለዓይን በማይታወቅ ልክ አዘነበሉት። በከረጢት የሚመጣውን የፖርሴሊን ሙጫ በውሃ አቡክተው ወለሉ ላይ አፍስሰው ጥርስ ባለው ብረት ያበጥሩታል፤ ያ አልበቃ ብሏቸው የፖርሴሊኑንም ጀርባ ይቀቡታል። «ፊቱ የባለቤቱ ነው፣ ጀርባው የእኛ» ይሉናል። ካነጠፉ በኋላ በአንድ ብር ሳንቲም ጠርዝ እያንዳንዱን ያንኳኳሉ። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ያልፋሉ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ሙጫው ሳይደርቅ አንስተው እንደገና ይጀምራሉ። የአገሬ ልጅ በዚህ ይቃጠል ነበር። «ሽማግሌው በር ያንኳኳል፣ የሚከፍትለት የለም» እያለ በጀርባቸው ያሽሟጥጣል።

ምሳ ሰዓት ነበር የሚያስጠላኝ። ከቤት ውስጥ ሩዝ በፍየል ሥጋ በትልቅ ትሪ ይመጣልናል፤ እንዳገሩ ልማድ ሙዝ ከጎኑ አለ። የአገሬ ልጅ ስልኩን የሙጫ ከረጢት ላይ አስደግፎ የጦርነት ቪዲዮ ይከፍታል። ሬሳ ቦይ ውስጥ ተደርድሮ፣ በላዩ ዘፈን ተጭኖበት፣ አንዱ ከካሜራው ኋላ እየሳቀ። የእሱ ጣት የፍየል ስብ ይንጠባጠባል። ስቡ ስክሪኑ ላይ ሲወድቅ በአውራ ጣቱ የሞተውን ሰውዬ ፊት ይጠርግና መልሶ ሩዝ ይጠቀልላል። ያ ጣት ከእኔ ጋር አንድ ትሪ ውስጥ ይገባል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የፍየል ሥጋ መብላት ትቻለሁ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ጨጓራ አለብኝ እላለሁ።

ጋሼ ድርሻቸውን በሳህን ያወጡና ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው ይበላሉ። አንድ ቀን ብቻ፣ «ወንድሜ፣ ምግብ ላይ ነን፤ ዝቅ አድርገው» አሉት። ድምፁን ከፍ አደረገው። እኔ ምን አልኩ? ምንም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ሙዜን ልጬ በላሁ።

ልዋሽ አልችልም፣ እኔም ቂም ነበረብኝ። እኛም አገር ጦርነቱ ደርሶ ነበር። ከጋሼ አገር በኩል የመጡት ተዋጊዎች ከተማችንን በያዙ ሰሞን እናቴ በእግሯ ሸሽታ፣ ስትመለስ ቤቷን በር የሌለው ሆኖ ነው ያገኘችው። በሩን ከነፍሬሙ ነቅለውታል። ይህን በስልክ ስትነግረኝ እያለቀሰች ነበር፤ እኔ ደግሞ ማታ ከጋሼ ጋር አንድ የሻይ በራድ ከፊታችን አድርገን ተቀምጫለሁ። ጋሼ የእናቴን በር አልነቀሉም። አሥራ ስድስት ዓመት ሐርጌሳ ወለል ላይ ተንበርክከው የኖሩ ሰው ናቸው። ይህን አእምሮዬ ያውቃል፤ ሆዴ ውስጥ ያለው ክፉ ነገር ግን አድራሻ አይመርጥም ነበር።

በረንዳው ግማሽ ሲሆን ሙጫ አለቀብን። የሚቀጥለው ጭነት ከበርበራ እስኪመጣ ሁለት ቀን ይቆያል ተባለ። በዚያው ቀን አንድ የቀን ሠራተኛ ለጋሼ ወሬ አመጣላቸው፤ ከአዲግራት በቅርብ የወጣ ሰው ከተማው ዳር አያሃ ሰፈር ታይቷል የሚል። ጋሼ ያን ዕለት እጃቸውን እንኳ በደንብ አልታጠቡም። ማክሰኞ ጠዋት ሲወጡ፣ «ሙጫው እስኪመጣ ወለሉን አጽዱ፤ አንድም እንዳትለጥፉ» አሉን። አያሃ ሲደርሱ ሰውየው ወደብ ሥራ ፍለጋ በርበራ ሄዷል አሏቸው፤ እሳቸውም ተከትለውት በዚያው ቀጠሉ።

ከሰዓት ባለቤቱ ጉንጩን በጫት ወጥሮ ብቅ አለ። ባዶውን ወለል አየ፣ እኛን አየ። «ዓርብ ደረሰ እኮ፤ ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ?» አለ። ጋሼ አትለጥፉ ብለዋል ልለው ስል የአገሬ ልጅ ቀደመኝ። «ሐጂ፣ ሲሚንቶ አለልን አይደል? ችግር የለም፣ እንሠራዋለን» አለና ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ።

እኔም ልቤ ተነሳ። ጋሼ ሲመለሱ ተጠናቆ ቢያገኙት፣ ባለቤቱም ሥራዬን ቢያይ ብዬ ተመኘሁ። ሴራሚክ በሲሚንቶ መለጠፍ ደግሞ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ኮምቦልቻ የተማርኩት እንደዚያ ነው። ያስተማሩኝ ሰውዬ ከሸክላ የተሠራውን ሴራሚክ ማታ በርሜል ውስጥ ነክረው ያሳድሩታል። «ካልጠገበ የሲሚንቶውን ውሃ ይጠጣብሃል» ይሉኝ ነበር። ጠዋት አረፋው ሳያልቅ ያወጣሁ እንደሆነ በሲባጎው ጫፍ ጀርባዬን ይገርፉኝ ነበር። እኛ አገር ያደገ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ነው የሚያውቀው። ጋሼ አትለጥፉ አሉ እንጂ አትንከሩ አላሉም፤ ፖርሴሊን የሚነክር ሰው ይኖራል ብለው በሐሳባቸው አልመጣም።

በርሜሉን ከቤቱ ውሃ ሞላነው። የውሃ ቦቴ ከመጣ አራት ቀን ሆኖታል። የባለቤቱ ሚስት ወጥታ አዲስ ዕቃ በርሜል ውስጥ ስንደረድር ስታይ በሱማልኛ ረጅም ነገር ተናገረች፣ እጇን አፏ ላይ ጭና ገባች። ውሃውን ነው የሳሳችለት ብዬ ሳቅኩባት። ጠዋት ሄጄ ሳይ ውሃው ጥርት እንዳለ ነው። አንዲት አረፋ የለችም። ሸክላ ሲጠጣ አረፋ ይሰጣል፤ ይሄ ግን እንደተኛ አድሯል። ያኔ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። «ጠግቦ ነው» አልኩና አወጣሁት።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ለጠፍን። በሲሚንቶ፣ ጀርባው ላይ አምስት አምስት ጉብታ እያደረግን፤ አራቱን ጥግ፣ አንዱን መሃል። ውሃ ልኩን ሳስቀምጥበት ንቅንቅ አይልም። ውበቱን ልንገራችሁ? የጋሼን ያህል ያምር ነበር። ባለቤቱ መጥቶ በባዶ እግሩ ተራመደበትና «ማሻአላህ» አለኝ። ያን ማሻአላህ ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ከረሜላ ስመጠው ዋልኩ።

ጋሼ ሐሙስ ጠዋት ተመለሱ። ፊታቸው አቧራ ለብሶ ዓይናቸው ቀልቷል። ሰውየውን በርበራ አግኝተውታል። ሚስታቸውን አላያትም። የሚኖሩበት መንገድ ግን በመድፍ መመታቱን ሰምቷል፤ የማን ቤት እንደሆነ አያውቅም። ይህን ነግረውን በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ትንሽ ቆይተው የለጠፍነውን አዩት።

«ሙጫው መጣ እንዴ?»

«ማክሰኞ ማታ መጣ፤ በሱ ነው» አልኳቸው። የአገሬ ልጅ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ለምን ዋሸሁ? በሲሚንቶ ነው ብል ያስነሱኛል፤ ማሻአላሁ ይቀርብኛል። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት ብፈልግ የለኝም። ጋሼ ሳንቲማቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ጎንበስ አሉ፣ ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። ሳንቲሟን መልሰው ከተቷት። «አንተ ካልክ ልክ ነው» አሉኝ። በሥራ ዘመናቸው ሳያንኳኩ ያሳለፉት ወለል ያ ብቻ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ተንበርክከው በፖርሴሊኖቹ መሃል ያለውን ክፍተት ሞሉ፤ ጨርቅ እየነከሩ እያንዳንዱን ሲያብሱ ዋሉ። እኔ ባልዲ አቀብላቸው ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። እኛን ወንበር እንድናመላልስ አስቀርተውናል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ወለሉ ላይ እጅ ማሳረፍ አይቻልም። ሻይ ተቀድቶ፣ ሰው ተቀምጦ፣ ገና ንግግር ሳይጀመር አንድ ነገር «ጧ» አለ። ሰው ሁሉ ዞረ። መሃል ላይ ያሉት ሁለት ፖርሴሊኖች ጠርዝ ለጠርዝ ተገፋፍተው እንደ ድንኳን ቆመዋል። ወዲያው ሌላ ቦታ ደገመው። በዚህ መሃል የወንዱ ልጅ አያት፣ በከዘራ የሚሄዱ ትልቅ ሰው፣ ለመራቅ ብለው ሲነሱ እግራቸው ጠርዙ ላይ ተያዘ። በእጃቸው ወደቁ። የእጃቸው አጥንት ሲሰበር ሰምቻለሁ። ኩፊያ ቆባቸው የፈሰሰው ሻይ ላይ ተንሳፈፈ።

ኒካሁ በኋላ ሳሎን ውስጥ ታሰረ። ባለቤቱ ግን እንግዶቹን ሲሸኝ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። በሰው ፊት ተዋርዷል። «ነገ ጠዋት ሦስታችሁም» ብቻ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ አቆመን። «ማን ነው ይህን የሠራው?» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ከጩኸት ይልቅ ያ ያስፈራል።

የአገሬ ልጅ አልዘገየም። «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እውነቱን ልንገርዎት። እኛ የታዘዝነውን ነው የሠራን። ሰውየው በጦርነቱ ልቡ ተቃጥሏል፣ ሆን ብሎ ነው። እነሱ እንደዚህ ናቸው።» እነሱ የሚለው ቃል ከአፉ እንደ አክታ ነው የወጣው።

ጋሼ ጎንበስ ብለው ከተነሱት አንዱን ገለበጡ። ጀርባው እንደታጠበ ሳህን ንጹሕ ነው፤ ሲሚንቶው አምስቱም ጉብታ እንዳለ ወለሉ ላይ ቀርቷል። ያልጠጣው ውሃ ጀርባው ላይ ቀርቶ ሲሚንቶው ሳይዘው፣ ፀሐይ ሲያሰፋው ተነስቷል። ጣታቸውን ጀርባው ላይ አሳለፉ። ዓይናቸው ጥግ ወዳለው በርሜል ሄደ፤ ተርፈው የተውኳቸው ሁለት ፖርሴሊኖች ውሃው ውስጥ ነበሩ። ሁሉ ነገር ገባቸው። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

አላፈጠጡብኝም፤ ጠበቁኝ። የምናገረው ነገር ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ሐጂ፣ የነከርኩት እኔ ነኝ፤ ሙጫ ነው ብዬ የዋሸኋቸውም እኔ ነኝ። ይህን ለማለት የሚፈጀው ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው። የእኔ የትውልድ ቦታ ድንበሩ ላይ የሚያስይዝ አልነበረም፤ ቢያባርረኝ አገሬ ገብቼ እናቴ ቤት አድራለሁ፣ ሌላ ምንም አልሆንም። እሳቸው ምን እንደሚሆኑ ደግሞ አውቃለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የእግሬን ጥፍር እያየሁ ቆምኩ። ከዚህ የሚከፋውን ልንገራችሁ፤ እዚያ ቆሜ ዝም ስል፣ ከሆዴ ሥር በኩል አንዲት ትንሽ ደስታ ነበረች። የእናቴን በር አስታውሼ እሰይ ያልኩባት። ያቺን ደስታ እስከ ዛሬ ልተፋት አልቻልኩም።

«ሥራው የእኔ ነው» አሉ ጋሼ። «ዋናው እኔ ነኝ። ሳላንኳኳ ያሳለፍኩትም እኔ ነኝ።»

«ሆን ብለህ ነው?» አላቸው ባለቤቱ። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የሚላቸው።

«አይደለም።»

«ታዲያ ማን አበላሸው?»

ጋሼ አንድ ጊዜ ደግመው አዩኝ። «ሥራው የእኔ ነው አልኩዎት፣ ሐጂ።»

በእኛ ሙያ ልማዱ ነው፤ ዋና የሆነ ሰው በእጁ ለሠራውም፣ ሠራተኛው ለሠራውም እሱ ነው የሚጠየቀው። ጣቱን ወደ ሠራተኛው የሚቀስር ዋና አይባልም። ጋሼ ያንን ነው ያደረጉት። ምናልባት በልማዱ አፍሬ እናገራለሁ ብለው ይሆናል። ባለቤቱ ከእኔ ትንፍሽ ሳይሰማ ሲቀር፣ «ከቤቴ ውጣ። ፊርማ የሚባል ነገር ከእኔ አትጠብቅ» አላቸው።

ሌላ ስፖንሰር ለማግኘት ለአራት ቀን በየሰው ደጅ ተንከራተቱ። ወሬው ቀድሟቸዋል፤ የሽማግሌ እጅ የሰበረ ሐበሻ ተብለዋል። ፈቃዳቸው አለቀ፤ በማግስቱ ጠዋት ውጡ ተባሉ። ያን ጠዋት ክፍላችን ውስጥ ብርድ ልብሳቸውን ሲጠቀልሉ የአገሬ ልጅ ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«ጋሼ፣ ለሐጂ እነግራቸዋለሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ» አልኳቸው።

«ነገ እኔ ውጫሌ ማዶ ነኝ» አሉ። ገመዱን አጥብቀው ቋጠሩ። «በመንከርህ አልቀየምህም። ያስተማረህ ሰው የሚያውቀው ሸክላ ነው። ዝም ማለትን ግን ማን አስተማረህ?»

ዕቃውን ልሸከም ብዬ እጄን ስዘረጋ ራሳቸው አነሱት።

በዚያው ምሽት የአገሬ ልጅ ፍራሹን ወደ ጋሼ ጥግ ጎተተ፤ ነፋስ የሚገባባት ጥግ እሷ ናት። እግሩን ዘርግቶ ተንጠራራና «አሁን ነው ቤት የሆነው» አለ። ሽታው መጣብኝ፤ የእግሩ፣ የፍራሹ፣ የእኔም። ውጭ ወጥቼ አስታወክኩ። ወደ ውስጥም ተመልሼ ገብቼ ከጎኑ ተኛሁ።

ባለቤቱ በረንዳውን እኔ እንዳነሳና እንደገና እንዳነጥፍ አዘዘኝ። እንዴት እንደሚሠራ አሁን አውቃለሁ። ወለሉን ፍቄ፣ ሙጫውን አበጥሬ፣ ጀርባውን ቀብቼ፣ ፀሐይ ሲያሰፋው የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ትቼ አነጠፍኩት። አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም፤ ጋሼ ያሳዩኝ ነገር ሁሉ እጄ ላይ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ከውጫሌ የሚመላለስ ሹፌር ጫት ይዞ መጣና ለዘበኛው ሲያወራ ሰማሁት። ጋሼ በወጡበት ዕለት የጫናቸውን ሽማግሌ ከድንበሩ ማዶ ባለው የመጀመሪያ ፍተሻ መታወቂያቸውን አይተው አውርደዋቸዋል። ሌሎች እንደሳቸው የወረዱ ሰዎች ነበሩ፤ በአንድ የጭነት መኪና ጭነው ወሰዷቸው። ወዴት እንደሆነ አያውቅም። እኔ የሙጫ ባልዲ እያጠብኩ ነበር፤ አጥቤ ጨረስኩ።

ሐሙስ ሥራው አለቀ። ባለቤቱ ወጥቶ ከዳር እዳር ተራመደበት፣ ተረከዙን እየመታ ሞከረው። «እንዲህ ነው ሥራ» አለ። ከዚያ ቆመ። ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ «እኔን በስደት ያሳደጉኝ ያንተ አገር ሰዎች ናቸው፤ ክፉ መሥራት አልወድም» አለኝ። «ንገረኝ እስቲ፣ ያ ሰውዬ እውነት እሱ ነበር ያበላሸው?»

አጠገባችን ማንም አልነበረም። የአገሬ ልጅ ጎረቤት ሄዷል። ጊዜ ነበረኝ፤ ሰውየውም መልሴን ፈልጎ ነበር የጠየቀኝ። የሚያውቀው ሰው ድንበር ላይ ነበረው፣ ሊደውል ይችል ነበር።

«እሱ ነው፣ ሐጂ» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ፤ ቀለል ያለው መሰለኝ። ገባና አንድ ወረቀት ይዞ ወጣ። የእኔም ፈቃድ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ስፖንሰር በሚለው ቦታ ስሙን ጽፎ ፈርሟል። ሙያ በሚለው ፊት ለፊት፣ በእኔ ስም፣ ዋና ባለሙያ ብሎ ሞልቶታል። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩትና እግዜር ይስጥልኝ አልኩት።